በጾም ጸሎት መሃል የተበላ ፓስታ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና ስልኳን አፍንጫዬ ሥር አምጥታ አንድ ቪዲዮ አሳየችኝ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ወጣት ጣቱን እየቀሰረ፣ ስኳር ያለበት ሰው ፓስታ የሚባል ነገር ቤቱ እንዳያስገባ ያስጠነቅቃል። «እማዬ፣ እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ፤ ዓይኗም ምድጃው ላይ ወደተጣደው ድስት ሄደ። ድስቱ የተጣደው ለእኔ ምሳ ነው፤ ውሃው ሲፈላ የሚገባው ፓስታ ነው። እኔም እንደ አባቴ ስኳር ካገኘኝ ቆይቷል።

የቪዲዮውን ልጅ ልቆጣው ፈለግሁ፤ ቪዲዮ ግን ቢቆጡት አይሰማም። «ተቀቅሎ ከፈረሰና ብቻውን በሰሃን ከተከመረ ልጁ ብዙም አልዋሸ፤ እኔ የማውቀው ፓስታ ግን ሌላ ነው» አልኳት። ሐሳቤ ወደ ትውልድ መንደሬ ወደ ላንቴ፣ ወደ አንዲት እሮብ ሄዶ ነበር።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ልጃገረድ ነበርኩ። አባባ የሙዝ ገበሬ፣ የቤተ ክርስቲያናችንም ሽማግሌ ነበር። በዚያ ዓመት በጋው ሲጀምር ውሃ ውሃ ማለት አበዛ፣ ኮቱ ሰፋው፣ ማሳ ውሎ ሲመጣ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ ይቀራል። አርባ ምንጭ ወስደን ስናስመረምረው ስኳር ነው ተባለና በየጠዋቱ መርፌ ታዘዘለት። ፍሪጅ ስላልነበረን መድኃኒቱን የምናስቀምጠው እርጥብ አሸዋ በሞላንበት እንስራ ውስጥ ነበር። ጠዋት ስነሳ ፊቴን ሳልታጠብ መጀመሪያ የማየው እንስራውን ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ጭንቀታም ነኝ፤ የአባባ ሕመም ደግሞ ለጭንቀቴ ቋሚ ሥራ ሰጠው።

እማዬ ከጋሞኛ ሌላ ብዙም ስለማትናገር ሐኪም ቤት አብሬው የምመላለሰው እኔ ነበርኩ። የሰፈሩ ሰው በበኩሉ ክልከላውን አብዝቶት ነበር። ስኳር ድንች አይንካ፣ በቆሎ አይቅመስ፣ ከበቆሎ ዱቄት የሚድቦለቦለው ኩርኩፋ ይቅርበት፤ ሙዝማ ጭራሽ አይታሰብም። ዕድሜውን ሙዝ ሲተክል የኖረ ሰው የራሱን ሙዝ ከሩቅ ማየት ጀመረ። ቤታችን ውስጥ የቀረለት የተቀቀለ ሀለኮ፣ ሽፈራው የሚባለው ቅጠል፣ ብቻ ነበር፤ ቅጠሉን እያኘከ ዓይኑ እኛ ሳህን ላይ ያርፋል።

የምትከታተለው ነርስ ይህን ስነግራት ተናደደች። «ሰውዬው አየር በልቶ ሊኖር ነው እንዴ?» አለችኝ። ከዚያ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችኝ። ፓስታ ጠንከር እንዳለ ከውሃው ከወጣ ስኳሩ ወደ ደም የሚገባው ቀስ እያለ ነው፣ ጉልበቱም ይቆያል፤ ከፈረሰ ግን ቶሎ ይሟሟና ስኳሩን ባንዴ ከፍ ያደርገዋል። «ቅጠሉን አብዢው፣ ቦሎቄ ጨምሪበት፣ ፓስታው ጭብጥ የሚያህል ይብቃው። በቆሎውንም ቢሆን በልኩ ይበላል» አለች። ልሄድ ስነሳ ክንዴን ያዘችኝ። «ደግሞ ስሚኝ፤ መርፌ ተወጋ ማለት ይበላል ማለት ነው። ካላበው፣ ከተንቀጠቀጠ፣ ነገር ከዘበራረቀ ስኳሩ ወርዷል፤ መዋጥ እስከቻለ ድረስ ጣፋጭ ነገር ቶሎ አፉ ውስጥ አድርጊ፤ ምግቡን ከዚያ በኋላ። ካልቻለ ግን ምንም ሳትሰጪ ወደኛ ሩጪ።»

ላንቴ ውስጥ ፓስታ በዚያን ጊዜ የእንግዳ ምግብ ነበር። የምንበላው ከሌላ ወረዳ ዘማሪዎች ሲመጡ ነው፤ ያውም እስኪፈርስ ተቀቅሎ በዘይት የጠገበ። የከተማው ባለሱቅ ፓስታውን ሲያቀብለኝ «ሠርግ አለ እንዴ?» ብሎ ቀለደብኝ። እማዬ ሀለኮውንና ቦሎቄውን ፓስታ ውስጥ ስገለብጥ አይታ በጋሞኛ አንድ ነገር አጉረመረመች፤ ምግብ ማበላሸቴ ነው። አባባ ግን ወደደው። ለሁለት ሳምንት ያህል ፊቱ እየተመለሰ መጣ፣ ማሳውንም እንደ ድሮው መዞር ጀመረ። እኔም ትንሽ መተኛት ጀምሬ ነበር።

ከዚያ የቤተ ክርስቲያናችን የጾም ጸሎት ሳምንት ደረሰ።

እሮብ ጠዋት ፓስታውን አዘጋጅቼ ስገባ አባባ መርፌውን ተወግቶ ኮቱን እየለበሰ ነበር። ሳህኑን አሳየሁት። «ከጸሎት በኋላ» አለኝ።

«አባባ፣ ተወግተሃል እኮ! ነርሷ ምን አለች?»

«መርፌውን ሐኪም አዘዘ፣ ታዘዝኩ። ጾሙን ደግሞ እኔ ራሴ ነኝ ያወጅኩት፤ ምእመኑን ጹሙ ብዬ እኔ ልብላ? ሁለቱንም እታዘዛለሁ።»

ሰው ሁለት ትእዛዝ ባንድ ጠዋት ፈጽሞ ሊሞት እንደሚችል እንዴት አድርጌ ላስረዳው? እማዬ አላገዘችኝም፤ እሷም ጾመኛ ናት። ምግቡን በምሳ ዕቃ ቋጥሬ ከነጠላዬ ሥር ደብቄ ተከተልኩት። በሙዙ መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ፊት ፊት ሲሄድ እግሩን አያለሁ፤ በደረቅ ቅጠል ላይ ሲንሸራተት ስኳሩ መሰለኝ፣ ቆሞ ሰው ሰላም ሲል ደክሞት መሰለኝ።

ቤተ ክርስቲያኑ ቆርቆሮ ነው፤ ረፋዱ ላይ ሁሉም ሰው አልቦት ነበር። የኔ መከራ ይሄ ነበር። የሙቀቱን ላብ ከስኳሩ ላብ በምን ልለየው? ከሴቶች በኩል ተቀምጬ የአባባን አንገት ብቻ ሳይ መዝሙሩ ሁሉ አመለጠኝ። መድረኩ ፊት ምእመናን ለበኩራት ያመጡት ተደርድሯል፤ ዱባ፣ በቆሎ፣ አንድ ቢጫ ሆኖ የበሰለ ሙዝ ከነዘለላው።

አባባ ሊጸልይ ተነሳ። ሲጀምር ደህና ነበር። ትንሽ ቆይቶ ድምፁ ከፍ አለ፣ ቃሉ ተሳከረ፤ ጋሞኛውና አማርኛው ተደበላለቀ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሰውም አብሮ ጋለ። «ሃሌ ሉያ! መንፈስ ነካው!» አለ አንዱ፤ እልልታው ቆርቆሮውን አናወጠው። አጠገቤ ያሉት ሴቶች በደስታ ያለቅሳሉ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ፣ ዓይኑ ማንንም ሳያይ የቆመው ሰውዬ ለእነሱ የተባረከ ሽማግሌ ነው፤ ለኔ ግን ነርሷ የነገረችኝ ሁሉ አንድ ባንድ እየደረሰበት ያለ አባቴ ነው።

ብሳሳትስ? ይህን አስቤያለሁ፣ አልዋሽም። በጾም ቀን፣ በጸሎት መሃል፣ አንዲት ልጅ ምግብ ይዛ ሽማግሌ ላይ ብትሮጥ ስሟ እስከ ሩቁ ካምባ ወረዳ ይሰማል። ግን ተነሳሁ። መድረኩ ፊት ስደርስ ከዘለላው ሙዝ ገንጥዬ ላጥኩ። እልልታው ቀጥ አለ። አንድ ሽማግሌ «የእግዚአብሔር ነው! ምን ነካሽ!» ብለው ጮኹ።

«አባባ፣ ብላ!»

አላወቀኝም። እጄን ገፋው። ያን ጊዜ ከምንም በላይ ፈራሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። እማዬ ከኋላዬ መጥታ ኖሯል፤ ምንም ሳትናገር ራሱን በሁለት እጇ ያዘችልኝ። ትንሽ ቆርሼ አፉ ውስጥ ከተትኩ። ዋጠ። ደግሜ ጨመርኩለት። የቤተ ክርስቲያኑ ወንጌላዊ ከመድረኩ ወርዶ አባባን አግዳሚው ላይ አስቀመጠውና ወደ ሰው ዞሮ «ተዉአት» አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

የአባባ ዓይን ቀስ እያለ ተመለሰ፤ መጀመሪያ ሙዙን አየ፣ ከዚያ እኔን። «ምሕረት፣ ምን ሆነሽ ታለቅሻለሽ?» አለኝ። ሙዙ ብቻውን እንደማይዘልቅ ነርሷ ነግራኛለችና ምሳ ዕቃውን ፈታሁ። የሀለኮው ሽታ ቤቱን ሞላው፤ በባዶ ሆዱ የተቀመጠ ጉባኤ ሁሉ አባባን ቀዝቃዛ ፓስታ ሲበላ ያያል። ሁለቴ ጎረሰ፣ አላመጠና ፊቱን አኮሳተረ።

«ጨው አንሷል» አለ።

እማዬ ሳቋ አመለጣት፤ ቀጥሎ ወንጌላዊው፣ ከዚያ ቤቱ ሙሉ ሰው ሳቀ። እኔ ግን መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ። ጨው ማነሱን ያወቀ ሰው ተመልሷል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ በጾም ጸሎት ቀን አባባ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ ሲደርስ እኚያ የጮኹብኝ ሽማግሌ ራሳቸው «በልተሃል ወይ?» ብለው ሳይጠይቁ አያስገቡትም ነበር። በልቶ እየመራ፣ እነሱ እየጾሙ፣ ብዙ ዓመት አብረው ጸለዩ።

ሶስና ይህን ስነግራት ስልኳን ኪሷ ከተተች። ፓስታውን ቀቅላ ጠንከር እንዳለ አጠለለችው፤ ሀለኮውንና ቦሎቄውን ደባለቀች፣ በጭብጧ ለካች። ሳህኑን ሰጥታኝ አልሄደችም፤ ፊቴ ቆማ አንገቴን፣ ግንባሬን፣ እጄን ታያለች። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ። ያን ጊዜ አባባ እንዲህ ስታየው የኖረች ልጅ እንዳለችው ያውቅ ነበር? እንጃ፤ እኔ ግን አውቃለሁ፣ በማወቄም አዝናለሁ፣ ደስም ይለኛል።

ጎረስኩ። አላመጥኩ።

«ጨው አንሷል» አልኳት።

ሶስና በረጅሙ ተነፈሰችና ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።