የሥጋ እጣቢ

ዘንድሮ ለፋሲካ ከቅርጫው የደረሰኝን ሥጋ ሳጥብ የሳህኑ ውኃ ቀላ። ልደፋው ተነሥቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ስንት ዓመት ሥጋ አጥቤአለሁ፤ አሁንም አንዳንዴ ሳህኑን እንደያዝኩ ወዴት እንደምሄድ ይጠፋኛል።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ አስፋው መካነ ሰላም ያስተምራል፤ ከተጋባን ሁለተኛ ዓመታችን ነው። ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ገና ጭቃ ሳለ ያስለው ጀመር። ጠመኔው ነው አልን። ቀጥሎ መሐረቡ ላይ ደም ታየ። በእኛ ዘንድ ደም የሚያስል ሰው በሽታው ሳምባ ነቀርሳ ነው፤ ሌላ ስም አናውቅም። አክታው ሲመረመር ምንም አልተገኘበትም፤ ሳሉ ስለበረታ ግን ክኒኑ ተጀመረለት። "ሽንትህ ይቀላል፤ መድኃኒቱ ነው፣ አትደንግጥ" አለው የጤና ባለሙያው። እውነቱን ነው፣ ያ ክኒን ሽንት ያቀላል።

ቀላም። በማግስቱ ጧት አስፋው ፖፖውን እያሳየኝ ሳቀ።

"ነይ እይ! ሥጋ ያጠብሽበትን ረስተሽ የሄድሽ ነው የሚመስለው።"

እኔም ሳቅሁ። መድኃኒቱ እየሠራ ነው ብዬ ደስ አለኝ።

በሳምንቱ ፊቱ ሞላ። ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ሊጠይቁት መጥተው ገና ከደጅ ሲያዩት፣ "አልሐምዱሊላህ! ጉንጩ ተመለሰ። አብሽሪ ልጄ፣ ክኒን የያዘ ሰው እንዲህ ነው የሚወፍረው" አሉኝ። የአጃ አጥሚቱን ቅቤ ጨመርኩበት። እግሩ ጫማ አልገባ ሲለው እንኳ በነጠላ ጫማ ትምህርት ቤት ሄደ። እኔ የሰጋሁት ተማሪዎቹ እንዳይስቁበት ብቻ ነበር።

አንድ ማለዳ ትንፋሽ አጠረው። ወደ ደሴ ተሳፈርን። አውቶቡሱ አቀስታ ከተማ ላይ ሲቆም ብርዱ አጥንት ይሰብራል፤ እሱ ግን "መስኮቱን ክፈቱልኝ" ይላል።

ደሴ ላይ ሐኪሟ እግሩን በጣቷ ተጫነችው። ሊጥ የተጫነች ይመስል ጉድጓዱ ቀረ። "ይህ ውፍረት አይደለም፣ ኩላሊቱ ነው" አለች። ምርመራው ሲደርስ ደግሞ፣ "የገዛ ሰውነቱ ሳምባውንና ኩላሊቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እየወጋቸው ነው። ብዙ ሰው ላይ የሚታይ በሽታ አይደለም" አለችኝ። አልገባኝም። የገዛ ሰውነቱ? ታዲያ ማንን ከማን ነው የምናስታርቀው?

"መቅላቱ የጀመረው ከክኒኑ በፊት ነው፣ በኋላ?" ስትል ጠየቀችኝ።

"በኋላ" አልኩ ቶሎ ብዬ።

አስፋው እጄን ያዘ። "በፊት ነው" አለ። "ከመስቀል ጀምሮ። እንዳትደነግጥ ብዬ ቀድሜአት እየተነሣሁ እደፋው ነበር።"

ደም የሚያጥበው ማሽን አዲስ አበባ አለ ተባለ። መኪና ስንፈልግ በአራተኛው ቀን አረፈ።

ያን ጧት የሳቀውን ሳቅ እስከ ዛሬ አስበዋለሁ። ለካ ለእሱ አዲሱ ነገር መቅላቱ አልነበረም፤ ከእኔ መደበቁ ቀርቶለት ነው። ከልቡ ነበር የሳቀው። ስለ ደበቀኝ ልቆጣው እነሣና ያ ሳቅ ይመጣብኛል። እኔስ ቀድሜ ብነሣ ኖሮ? ቢታወቅስ ማሽኑ ጋ እንደርስ ነበር? አላውቅም።

እትዬ ዘይነባ ዛሬ አርጅተዋል፤ ምርኩዛቸውን ይዘው ከአጥሩ ማዶ ፀሐይ ይሞቃሉ።

"ምነው ልጄ፣ ውኃውን ልታሳድሪው ነው?" አሉኝ።

ደፋሁት።