የዓርብ ልጆች ተራ

መንደሩ በአክብሮት «ናና» የሚላቸው አፍዋ ንቲሪዋ ሰባ ሁለተኛ ዓመታቸውን በያዙ በወሩ ግራ ጎናቸው ከዳቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውንና አንደበታቸውን አተረፈላቸው፤ እግራቸውን ግን መንደሩ በፍቅር ሊያሳጣቸው ጥቂት ቀረው። በዚያ የካካዎ አገር አረጋዊ ሰው ቁጭ ባለበት ይቀርብለታል እንጂ ተነሥቶ ውኃ አይቀዳም። ለታመመማ አክብሮቱ እጥፍ ነው። ጎረቤቶቻቸው ሳይጠሩ እየመጡ ምግቡንም ውኃውንም ከእጃቸው ያደርሱ ነበር። በሦስት ወር ግራ ባታቸው ከክንዳቸው ቀጠነ።

ልጃቸው ዮው ከሚኖርበት ከኩማሲ ከተማ መጥቶ ይህን አየ።

«እማዬ፣ ፋሲካ ሲያልፍ እወስድሻለሁ። ብቻሽን ደጅ መውጣት ካልቻልሽ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ናና ቤታቸውን፣ የባላቸውን መቃብርና በእጃቸው የተከሉትን ካካዎ ጥለው መሄዱን እያሰቡ ያን ቀን እህል አልቀመሱም።

በማግስቱ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደዴ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ጎረቤቶቹን ሰበሰበች።

«ከዛሬ ጀምሮ ናናን አታክብሯቸው።»

«ይሄ ምን የሚሉት ነውር ነው?» አለች ጎረቤታቸው ሰርዋ።

«ውኃውን ከበሩ ወዲያ አስቀምጪና ሂጂ። ሲጠማቸው ይነሣሉ።»

ናና ሣቁ። «ይቺ ልጅ በውኃ ጥም ልትጨርሰኝ ነው የመጣችው።»

ሆኖም ተነሡ፤ መጀመሪያ ግድግዳ ተደግፈው፣ ኋላም በከዘራ። በቀን ዐሥር ጊዜ ከበርጩማ ተነሥቶ መቀመጥን እንደ ጸሎት ሰዓት ጠበቁት። ሰርዋ በመስኮት እያየች ታለቅስ ነበር፤ ግን አልገባችም።

በፋሲካ ዕለት፣ ሊወስዳቸው የተመለሰው ዮው በመኪና ቤተ ክርስቲያን አድርሶ አስቀመጣቸው። በዚያ መባ የሚሰጠው በተወለዱበት የሳምንቱ ዕለት ተራ ነው፤ የአንድ ዕለት ልጆች አብረው እየዘመሩና እያሸበሸቡ ወደ ሣህኑ ይሄዳሉ። የዓርብ ልጆች ሲጠሩ መባ ሰብሳቢው፣ ከሕመማቸው ወዲህ እንደሚያደርገው፣ ሣህኑን ወደ ናና ይዞ መጣ።

«መልሰው የኔ ልጅ። እኔው እመጣለሁ።»

ዮው ሊደግፋቸው ብድግ አለ።

«አንተ የሐሙስ ልጅ አይደለህም እንዴ?» አሉት። «ተራህ አልፏል፤ ቁጭ በል።»

አግዳሚው ሁሉ ሣቀ፤ ዮውም አፍሮ ተቀመጠ። ናና ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ወጡ። ከበሮ መቺው አያቸውና ምቱን አዘገየ፤ የዓርብ ልጆችም፣ ጎረምሶቹ ሳይቀሩ፣ በእርሳቸው እርምጃ ልክ አሸበሸቡ። መባቸውን ጣሉ፤ ነጭ መሐረባቸውን አንድ ጊዜ ከፍ አደረጉ፤ በእግራቸውም ተመለሱ።

ዮው ማክሰኞ ብቻውን ወደ ኩማሲ ሄደ። ከመሄዱ በፊት ከበሩ እስከ ማድቤቱ የቀርከሃ መደገፊያ ተከለ።

«ይሄ ደግሞ ለምን?» አሉት።

«ለዝናብ ጊዜ ነው እማዬ፤ መሬቱ ያንሸራትታል።»

ናና ቀርከሃውን ነቅነቅ አድርገው ጥንካሬውን ፈተኑ።

«እሺ፣ ለዝናብ ከሆነ ይሁን።»