አንቺ ዳኛ

አሁን በምኖርበት አርሊንግተን ውስጥ አዲስ የታጨደ ሣር በሸተተኝ ቁጥር የተሻረው የአባቴ ጎል ትዝ ይለኛል።

የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ቪከሪ ሜዶ የሚባለው ሰፈር አጠገብ፣ የዳላስ ሐበሾች የዋንጫ ጨዋታ ነበር። የአባቴ ቡድን ዋንጫ በልቶ አያውቅም። አባቴ ደግሞ ጉልበቱ አልታዘዝ ስላለው፣ ከዚያ ቀን በኋላ ላይጫወት ለእናቴ ቃል ገብቷል። ባዶ ለባዶ ሊያልቅ ሲል አባቴ አገባ። ዘለልን፣ ተቃቀፍን። ዳኛው ጋሽ ታደሰ፣ የቸርቻችን ሽማግሌ፣ ፊሽካቸውን ነፉና "ኦፍሳይድ!" አሉ።

ግርግር ሆነ። "ጋሼ፣ መነጽርዎን መኪና ውስጥ ረሱት እንዴ?" አለ አንዱ። ሲሰድቧቸው እንኳ በአንቱታ ነበር። እኔ ግን፣ አባቴ ቀንም ማታም ታክሲ ስለሚነዳ፣ አማርኛዬን የለቀምኩት "አንቺ" ከምትለኝ ከእናቴ ነው፤ ስለዚህ ለእኔ ሁሉም ሰው "አንቺ" ነበር። ሮጬ ገባሁና "ጋሼ፣ አንቺ አላየሽም! ጎል ነው!" ብዬ ጮህኩባቸው።

የተናደዱት ሁሉ በሳቅ ፈረሱ። ጋሽ ታደሰ ግን በርከክ ብለው ሣር ሣር የሚሸት እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አሳረፉ።

"ልጄ፣ ተሳስቼ ይሆናል። የነፋሁት ግን ባየሁት ነው። አባትሽን ስለምወደው ዓይኔን ልጨፍን?"

በፍጹም ቅጣት ምት ተሸነፍን። መኪና ውስጥ አባቴ ጉልበቱ ላይ በረዶ ይዞ ተቀምጧል።

"ዳዲ፣ ኦፍሳይድ ነበርሽ?" አልኩት።

ፀጉሬን እየዳበሰ ሳቀ።

አሁን "ነበርክ?" ማለት እችላለሁ። እስከ ዛሬ ግን ደግሜ አልጠየቅሁትም።