የእትዬ የሺ ባሕር ሸሽ

ከቁንዝላ ወዲህ፣ ጣና ዳር፣ «አለነ ሜዳ» የሚባል ስፍራ አለ። አለነ አባቴ ነው። ሜዳው ግን፣ ቢያንስ ከዋርካው በስተግራ ያለው፣ የእሱ አልነበረም፤ የጎረቤታችን የእትዬ የሺ ነበር። የወሰድንባት እኛ ነን፤ ከእኛም እኔ፣ በእግሬ። ይህ ይታወቅልኝ።

ባለፈው ሳምንት፣ እዚህ ባሕር ዳር ኮሌጅ የምትማረው የልጅ ልጄ ሜሮን የሐይቁን ዳርቻ ካርታ ይዛ መጣች። «እማማ፣ ያባትሽ ስም እኮ ካርታ ላይ ወጣ!» ብላ በጣቷ አሳየችኝ። ቤቱ ሁሉ ደስ አለው። እኔ ምሳዬን መጨረስ አቃተኝ።

ለከተማ ሰው መሬት አንዴ ከተቀመጠበት አይነቃነቅም። የኛ እንዲያ አልነበረም። ጣና ክረምቱን ሞልቶ ሜዳውን ይውጣል፤ በጋው ሲገፋ ቀስ እያለ ይሸሻል። ከሥሩ የሚወጣውን ጥቁር ጭቃ ባሕር ሸሽ እንለዋለን። የዓሣና የደንገል ሽታ አለው፤ ሽምብራ ከዘሩበት ያለ ዝናብ ያፈራል። ጣጣው ድንበሩ ነው። ድንጋይ ቢተክሉ ጭቃው ይውጠዋል፤ እንጨት ቢተክሉ ውኃው ይወስደዋል። ስለዚህ ድንበር የሚያዘው በዓይን ነበር። ዋርካው ሥር ይቆሙና፣ ፊት ለፊት ሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት ላይ ያለውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት እያዩ ቀጥ ብሎ እስከ ውኃው መሄድ ነው። በስተቀኝ የኛ፣ በስተግራ የእትዬ የሺ።

እትዬ የሺ ባሏ የሞተባት፣ አንድ ልጅ ብቻ ያላት ሴት ነበረች። ልጇ እንጉዳይ እኩያዬ ናት፤ ትምህርት ቤት አብረን እንሄድ፣ ከሁለቱም ማሳ ወፍ አብረን እንጠብቅ ነበር። ሽምብራው እሸት ሲሆን እትዬ የሺ ለሁለታችንም እኩል ትነቅልልን ነበር። ለልጇ አብልጣ አታውቅም።

አሥራ አንድ ዓመት ሲሆነኝ አባቴ ድንበሩ አላግባብ ነው ብሎ ተነሣ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ምስክር ሲፈለግ፣ እኔ ተጠቁሜ፣ «ወፍ ጠባቂዋ ትምራን፤ ልጅ አትዋሽም» ተባለ። የአለነ ልጅ መሆኔን እያወቀች፣ ቀድማ «እሺ» ያለችው እትዬ የሺ ናት።

ጠዋት ከቤት ስንወጣ አባቴ ጎንበስ ብሎ የነጠላዬን ጫፍ አስተካከለልኝ። እንዲህ ያለ ነገር አድርጎልኝ አያውቅም።

«ጉልላቱን ተይው» አለኝ። «በስተግራው ያለውን ረጅሙን ዛፍ እያየሽ ሂጂ። ሌላ ምንም አላዝሽም።»

ሄድሁ። ጭቃው ይቀዘቅዝ ነበር፤ እስከ ቁርጭምጭሚቴ ይይዘኛል። ጥቂት እንደሄድሁ ከኋላዬ የሰው ድምፅ ጠፋ። ዛፉን ብቻ እያየሁ ውኃው ዳር ደረስሁ። ዞር ስል ዱካዬ የእትዬ የሺን መሬት ለሁለት ሰንጥቆት አየሁ።

«የሺ» አሏት ከሽማግሌዎቹ ትልቁ፣ «ልጅቱን ካላመንሻት፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ወስደሽ ማስማል መብትሽ ነው።»

ያን ጊዜ መሐላ ቀልድ አልነበረም። በሐሰት የማለ ሰው ዕድሜም ዘርም አያገኝም ሲባል ሰምተን ነው ያደግነው። እትዬ የሺ ዓይኗን ሳትነቅል ብዙ አየችኝ።

«ተዉት» አለች። «እሷ እንዳለችው ይሁን።»

ያን ዓመት ጎተራችን ሞላ። እንጉዳይ ትምህርቷን አቋርጣ ከሐይቁ ማዶ፣ ቆላ ድባ፣ ዘመድ ቤት ልታገለግል ሄደች። እኔ አራተኛ ክፍል ደረስሁ። ይህን የምጽፍበትን ፊደል የቆጠርሁት በዚያ ሽምብራ ነው።

እትዬ የሺ ለምን ተወችው? አንዳንድ ጊዜ አምናኝ ነው እላለሁ፤ አንዳንድ ጊዜ አባቴን ፈርታ። በሕይወት ሳለች ልጠይቃት እችል ነበር፤ አልጠየቅኋትም። ለቀብሯ ስሄድ እንኳ ከሰው ኋላ ነው የቆምሁት።

ካርታው በመጣ በሦስተኛው ቀን ሜሮንን አስከትዬ ቁንዝላ ወረድሁ። ከቆላ ድባ ከተመለሰች የቆየችው እንጉዳይ ልጇ ቤት ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ሽምብራ ትለቅማለች።

«ከተሜዋ! ጫማሽን ጠብቂ፣ ጭቃ ነው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «ውይ፣ ለካ አንቺ ጭቃ መርገጥ ታውቂበታለሽ።»

ሜሮን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ቁጭ ሳልል ሁሉንም ነገርኋት፤ ጉልላቱን፣ ዛፉን፣ አባቴ ያለኝን። ካርታው እንዲታረም በማንም ፊት እመሰክራለሁ አልኋት። ከዚያ የቆየውን ጥያቄ ጠየቅኋት።

«እናትሽ ለምን አላስማለችኝም?»

እንጉዳይ ሰፌዱን ከጭኗ አወረደች።

«ገና ከዋርካው ስትነሺ ነው ያወቀችው። ቤት ስንገባ እኔም ጠየቅኋት። ‹አስምያት የሰው ልጅ ብትጠፋስ? መሬቱ ይቅርብኝ› አለችኝ።»

ዕንባዬ መጣ። እንጉዳይ ግን አልጨረሰችም።

«እሷስ ላንቺ አዘነች» አለችኝ። «እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም።»