ቁሓ የቀረው ሥዕሌ

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሥራ ስፈልግ በነበርኩበት ጥር ወር የገጠመኝ ነው። እስካሁን አፌን ልከፍት ስል ትዝ ይለኛል።

እኔ የድሮ የጦርነት ሥዕል እሰበስባለሁ፤ ጣልያኖች መጀመሪያ በመጡ ጊዜ በጋዜጣና በመጽሔታቸው ያወጡትን። እናቴ "እኩዮችሽ ወርቅ ያጠራቅማሉ፣ አንቺ የሞተ ፈረስ!" ትለኛለች።

አንድ ቀን የክፍል ጓደኛዬ ፍረወይኒ መቀሌ አጠገብ ካለችው ከቁሓ ደወለችልኝ። ልታገባ ስለሆነ ቤታቸው ሊቀባ ነው። የሳሎናቸው ግድግዳ እንደ ድሮው ቤት ሁሉ በዱቄት ሙጫ አሮጌ ጋዜጣ የተለጠፈበት ነበር።

"ጦርነት ያለበት አንድ አለ። ነገ ቀለም ቀቢው ይመጣል፣ እናቴም ገበያ ሄዳለች፤ ቶሎ ነይ!" አለችኝ።

መቀሌ ካለው ሰፈሬ ከሓድነት ሚኒባስ ይዤ በረርኩ። ሥዕሉን እንዳየሁ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ተራራ ላይ ምሽግ፣ ከሥሩ አንድ ሰው ጥይት የተጫነች በቅሎ ይጎትታል። በእርጥብ ጨርቅ እያራስኩ ማላቀቅ ጀመርኩ። ግማሹ እንደተነሳ እናትየው ኣደይ ለተብርሃን ዘንቢላቸውን እንዳንጠለጠሉ ገቡ።

"ጓለይ፣ ልጄ፣ አያቴን ወዴት ልትወስጂው ነው?"

ፍረወይኒ ወደ ጓዳ ሸሸች። ለካ ኣደይ ለተብርሃን ያ በቅሎ ጎታች "አያትሽ ነው" እየተባሉ ነው ያደጉት። የእኔ አፍ ደግሞ አያርፍም።

"ኣደይ፣ ይሄን የሳለው ሰውዬ አገራችንን ያየም አይመስለኝ። የበቅሎዋን ጆሮ አያዩትም? የጥንቸል ነው እኮ! አያትዎን በምን ያውቃቸዋል?"

"አንቺ ስለ በቅሎዋ ተጨነቂ፤ ሰውየውን ለእኔ ተዪው።"

ከዚያ የተነሳውን ግማሽ በጣታቸው ዳሰሱ። እዚያው ቢቀር ነገ ቀለም ሊበላው ነው።

"ብትወስጂው ምን ታደርጊዋለሽ?"

"መስታወት ውስጥ አስገባዋለሁ።"

"እንግዲያው አስገቢና አምጪልኝ።"

ተናደድኩ። የራሴ አድርጌው ነበራ! ግን አምነው ሰጡኝ፣ ምን ይደረጋል፤ አስገብቼ መለስኩ።

የሠርጉ ቀን አዲስ በተቀባው ግድግዳ ላይ ብቻውን ተሰቅሎ አገኘሁት። የሙሽራው አጎት "ይሄ ማን ነው?" ብለው ጠየቁ።

"አያቴ ነው" አሉ ኣደይ ለተብርሃን።

አፌን ከፈትኩ። ቃል ሳይወጣኝ ጥብስ ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ ያውም ጉንጬን የሚወጥር። እያኘክሁ ቀረሁ።

ዛሬ ብዙ ሥዕል አለኝ፤ ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቁሓ ነው ያለው። አይቆጨኝም። ላየው ስሄድ ኣደይ ለተብርሃን "የበቅሎዋ ዘመድ መጣች!" ብለው ይቀበሉኛል። እኔም ጆሮዋን አይቼ እስቃለሁ፤ ስለ ሰውየው ግን ትንፍሽ አልልም።