አዳራሹ የሳቀው በማን ነው?

እኔ ፈሪ ነኝ፤ ምን ይደበቃል። ያን እሁድ ፈረንሳይ ለጋሲዮን በእድራችን አዳራሽ ቁጭ ብዬ የመውጫውን በር አይ ነበር። ወርሃዊው ስብሰባ አልቆ እኔና ካራ ሰፈር የሚኖረው ጓደኛዬ የሠራነው አጭር ፊልም ሊታይ ነው። አጠገቤ ሁለተኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ተቀምጣለች። እንደኔ ጥቁር ናት፤ በዚሁ የተነሳ የክፍሏ ልጆች ስንቴ አስለቅሰዋታል። ፊልሙንም የሠራሁት ለሷ ብዬ ነው።

ታሪኩ ቀልድ ነው። እኔ መሐንዲስ ሆኜ አንዲት ሀብታም ሴትዮን «ግድግዳዎ ሊናድ ነው» ልላቸው እመጣለሁ። እሳቸው ግን መልኬን ብቻ አይተው የዘበኛ ካፖርት ያለብሱኝና በር ላይ ያቆሙኛል። አፌን በከፈትኩ ቁጥር «ዝም በል፣ አንተ ባርያ!» ነው መልሳቸው። በመጨረሻ ግድግዳው ድግሳቸው ላይ ይናዳል። የጻፍነው በሴትዮዋ እንዲሳቅ ነበር። ግን ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ሰው በኔ ቢስቅስ? ጓደኛዬ «ኧረ ሪላክስ፣ ሰዉ ጅል አይደለም» ይለኛል።

የመጀመሪያው ስድብ ሲሰማ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ላብ አጠመቀኝ። በማን ነው የሚስቁት? ዞር ብዬ እንዳላይ መጋረጃው ተዘግቶ ጨለማ ነው። ልጄን ሰረቅ አድርጌ አየኋት፤ ትስቃለች። ግድግዳው ሲናድማ እናቶች «እሰይ! የእጇን አገኘች!» ብለው አጨበጨቡ። ተመስገን፣ ገብቷቸዋል አልኩ።

እኛ ሰፈር ፊልም ላይ የታየ ሰው የገዛ ስሙ ይቀራል፤ የሚጠራው እዚያ ውስጥ በተጠራበት ስም ነው። ይህን እያወቅን ለመሐንዲሱ ስም አላወጣንለትም። ማንም ስሙን አይጠይቀውም ለማለት ነበር፤ እንደ ትልቅ ብልሃት ቆጥረነው። በፊልሙ ውስጥ የሚጠራው በስድቡ ብቻ ነው።

የእድሩ ሊቀመንበር፣ ክፉ ቃል የማይወጣቸው ሽማግሌ፣ በር ላይ ጠብቀው አቅፈው ሳሙኝ።

«ባርያው! እድሜ ይስጥህ፣ አስተማርከን እኮ!»

ከኋላቸው ያለውም «ባርያው፣ አንደኛ ነህ!» እያለ ይጨብጠኛል። በፍቅር ነው እኮ! ምን ብዬ ልቆጣ? «እግዜር ይስጥልኝ» እያልኩ አጎነበስኩ። የልጄ የክፍል ጓደኛ ደግሞ ከእናቷ ጋር ስታልፍ እጇን አውለበለበች።

«ቻው፣ የባርያው ልጅ!»

ልጅቷ ክፋት የለባትም፤ ፊልሙን ወዳው ነው። የኔዋ ግን እጇን ከእጄ አወጣች።

ዳገቱን ወጣን። «አንቺስ በማን ነው የሳቅሽው?» ብዬ ልጠይቃት እፈልጋለሁ፤ መልሷን ደግሞ እፈራለሁ። ቤት ልንደርስ ስንል ቆመች።

«አባዬ፣ ነገ ትምህርት ቤት እማዬ ታድርሰኝ።»

«ለምን፣ የኔ እናት?»

«አንተን እንዳያዩህ።»