ሦስት ጊዜ የሰፋው ጫማ

ሰፈሩ «እጀ ወርቅ» ይለዋል። ጫማ ሠሪ ነው፤ ሰው ተስፋ የቆረጠበትን ጫማ አዲስ አድርጎ ይመልሳል። ያ የተመሰገነ እጅ በገዛ ቤቱ ምን ጉድ እንደሠራ ልንገራችሁ።

ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛ ሰባተኛ ወሯን ስታጋምስ ጫማዋ እምቢ አላት። «እግሬ ሳያብጥ አልቀረም» አለችው። «ይሄማ የኔ ሥራ ነው!» ብሎ ጫማውን በእንጨት ቅርጽ ወጥሮ አሳደረው፤ ጠዋት ልክክ አለላት። ሰውዬው እንዴት ደስ እንዳለው! በሳምንቱ ደግሞ ጠበባት፤ ደግሞ አሰፋው። እናቷ መጥተው ቢያዩ «እርጉዝ ናት፣ ታብጥ እንጂ፤ ያለ ነው» ብለው ነገሩን ዘጉት።

በሦስተኛው ጊዜ ጎኑን ተርትሮ ቁራጭ ቆዳ ጨመረበት። ያን ቀን ፊቷም ተነፋፍቶ ነበር። «ራሴን እየፈለጠኝ ነው፣ ዓይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይልብኛል፤ ጤና ጣቢያ ብንሄድስ?» አለችው።

«ቀጠሮሽ ሐሙስ አይደል እንዴ? እስኪ መጀመሪያ ጫማውን ለኪው።»

አይ ሞኝነት! አንድ እግሯን እንዳስገባች ዓይኗ ተገለበጠና መላ ሰውነቷ ይንዘፈዘፍ ጀመር።

ሆስፒታል እንዴት እንደደረሱ እሱም አያውቀው። እሷን አስገብተው በሩን ዘጉበት። ትንሽ ቆይታ አንዲት አዋላጅ ወጣችና ጫማውን በፌስታል አስታቀፈችው።

«እብጠቱ መቼ ጀመራት?»

ሌላ ባል ቢሆን «እንጃ» ብሎ በተገላገለ። እሱ ግን በልክ ያውቀዋል! «የዛሬ ሦስት ሳምንት ግማሽ ጣት፤ ከዚያ አንድ ጣት፤ ዛሬ ሁለት» አለ።

አዋላጇ መጻፏን ትታ ቀና ብላ አየችው። «የጣላት ደም ግፊት ነው። እግር ማበጥስ ያለ ነው፤ ፊት ሲነፋ፣ ራስ ሲፈልጥ፣ ዓይን ሲያጭበረብር ግን በዚያችው ሰዓት ነበር ማምጣት» አለችው።

ከበሩ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የሚወጠር የለ፣ የሚተረተር የለ፤ እጆቹን የሚያደርግበት ቢያጣ ብብቱ ስር ሸጎጣቸው። ልጅቷ በኦፕራሲዮን ወጣች፤ ጭብጥ የማትሞላ ነገር ናት፣ ሙቀት ክፍል አስገቧት። «እናትየዋስ?» ሲል «ገና አልነቃችም» አሉት። እንደ ሕፃን አለቀሰ።

በማግስቱ ነቃች። ሐኪሙ ግን እፎይ አላሰኘውም። «ከወለደችም በኋላ ግፊቱ ሊመለስ ይችላል፤ ገና አልጨረስንም» ብሎት ወጣ። እሱ አልጋው አጠገብ ፌስታሉን እንደታቀፈ ቆመ።

ሚስቱ የደረቀ ከንፈሯን እያራሰች አዋላጇን ጠራቻት። «ሲስተር፣ ባሌን አዩት? እግሬ ሲያብጥ ሁሉም ‹ያለ ነው› ብሎ ሲተወኝ፣ ሦስቴ ጫማዬን ያሰፋልኝ እሱ ነው። እንደሱ የሚያስብልኝ ሰው የለኝም።»

አዋላጇ ዞር ብላ አየችው። እሱ ግን ቀና ብሎ ሚስቱን ማየት አቃተው።